ጂፕ የሚመስለውና ጂፕ የሆነው፤ የቻይናው ግሬት ዎል ከፒካፕ እስከ ታንክ

በአገራችን የመኪና ገበያ ከመሬት ከፍ ያለች መኪና ሁሉ «ጂፕ» ትባላለች። ደላላው ይላታል፣ ሻጩ ይላታል፣ ገዢውም ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ ይላታል። መኪናዋ ከቦሌ እስከ ፒያሳ እስከተመላለሰች ድረስ ስያሜው ማንንም አይጎዳም። ነገሩ የሚለየው በሐምሌ ወር፣ ከሆሳዕና ብዙም በማትርቀው ፎንቆ አካባቢ፣ ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ወደ ገጠር ቀበሌ ሲገባ ነው። የሃዲያና የከምባታ ደጋ አፈር የክረምት ውኃ ሲጠጣ ሳሙና ይሆናል። እዚያ ላይ መኪና የሚመዘነው በቁመቱና በመብራቱ ውበት ሳይሆን ከሥሩ በተሸከመው ብረት ነው። ለመስክ ሥራ የሚወጣ የጤና ባለሙያ፣ እህል የሚጭን ነጋዴ ወይም ለለቅሶ አገር ቤት የሚወርድ የአዲስ አበባ ነዋሪ ይህን ልዩነት የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ከተቀረቀረ በኋላ ነው።

የቻይና መኪኖች በብዛት እየገቡ ባሉበት በዚህ ወቅት ልዩነቱን ከግዢ በፊት ማወቁ ይጠቅማል። የቻይና ፋብሪካዎች ሁለቱንም ዓይነት ይሠራሉና፤ ጂፕ የሚመስለውንም፣ ጂፕ የሆነውንም።

ለመጀመሪያው ዓይነት ሩቅ ሳንሄድ ሊፋን ኤክስ 60ን መጥቀስ ይቻላል። ሊፋን እ.ኤ.አ. በ1992 በቾንግቺንግ ከተማ ተመሥርቶ በሞተር ሳይክል ስሙን ያስጠራ ኩባንያ ነው (ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ያልተጻፈባቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ወደ አውቶሞቢል የገባው በ2000ዎቹ አጋማሽ ሲሆን፣ አገራችን የደረሰው በሆላንድ ካር በኩል ነበር። ይህ ድርጅት ሊፋን 520ን ገጣጥሞ «አባይ» የሚል ስም ሰጥቶ ሸጧል። ሆላንድ ካር በ2013 ከስሮ ከገበያ ሲወጣ፣ ሊፋን ግን ያንግፋን ሞተርስ በተባለው የራሱ ኩባንያ አማካይነት በዱከም ኢስተርን ኢንዱስትሪ ዞን መገጣጠሙን ቀጠለ።

ኤክስ 60 በቻይና ገበያ ላይ የዋለው በ2011 ነው። ቁመናው የጃፓን ባለ ከፍታ መኪኖችን ያስታውሳል። ሞተሩ 1.8 ሊትር ቤንዚን ሲሆን የሚጎትቱት የፊት ሁለት ጎማዎች ብቻ ናቸው። ይህ ነውር አይደለም፤ ለከተማና ለአስፋልት የተሠራ የቤተሰብ መኪና ነው። ነውሩ ለመስክ መኪና ነው ብሎ መሸጡ ላይ ነው። በዚህ ላይ ሊፋን ራሱ በዕዳ ተይዞ በ2020 በቾንግቺንግ ፍርድ ቤት በኩል ወደ መልሶ ማዋቀር ገባ። እናት ፋብሪካው ሲታመም ደግሞ የመኪናው ባለቤት የመጀመሪያ ጭንቀት መለዋወጫ ነው።

ለመሆኑ እውነተኛውን የመስክ መኪና ከሚመስለው የሚለየው ምንድን ነው? ጎንበስ ብሎ ከሥር ማየት ነው። አንደኛው ነገር ሻንሲው ነው። በመስክ መኪና ላይ ከፊት እስከ ኋላ የተዘረጉ ሁለት ወፍራም ብረቶች እንደ መሰላል በመስቀለኛ ብረቶች ተያይዘው ይታያሉ፤ ቦዲው ከላይ ተቀምጦ በቡሎን ይታሰራል። በከተማ መኪና ላይ ግን ሻንሲና ቦዲ አንድ ላይ የተበየዱ ናቸው። ይህኛው ቀላል ነው፣ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ሲነዳም ይመቻል። ነገር ግን አንድ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ሌላው ጉብታ ላይ እየሆነ ለዓመታት ሲጠማዘዝ በሩ አልገጥም ማለት ይጀምራል።

ሁለተኛው ኃይሉ ወደ ጎማዎቹ የሚደርስበት መንገድ ነው። እውነተኛው የመስክ መኪና ከዋናው ካምቢዮ በተጨማሪ ኃይልን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍል ሁለተኛ አነስተኛ ካምቢዮ አለው። በእሱም ከባድ ማርሽ ሲገባ መኪናው በሰው እርምጃ ፍጥነት፣ ግን በብዙ እጥፍ ጉልበት ዳገት ይወጣል፤ ቁልቁለት ሲወርድም ፍሬን ሳይቃጠል ሞተሩ ይይዘዋል። ሦስተኛው የዲፈረንሻል መቆለፊያ ነው። ዲፈረንሻል ባሕሪው እንደ ሰነፍ ሠራተኛ ነው፤ ሁልጊዜ ቀላሉን ሥራ ይመርጣል። አንዱ ጎማ ጭቃ ውስጥ ሲንሸራተት ኃይሉን ሁሉ ለእሱ ይሰጥና ደረቅ መሬት የያዘው ጎማ ቆሞ ይቀራል። መቆለፊያው ሁለቱንም እኩል እንዲዞሩ ያስገድዳል። ላንድክሩዘር በገጠር ጤና ጣቢያና በረድኤት ድርጅቶች ግቢ ለዘመናት የነገሠው በእነዚህ ነገሮች እንጂ በስሙ ብቻ አይደለም።

ቻይናዎች ይህን ሙያ አሁን የጀመሩት አይደለም። በ1960 ሶቪየት ኅብረት ባለሙያዎቿን ከቻይና ስታስወጣ፣ ሠራዊቱ የራሱ የአዛዦች መኪና አስፈለገውና የቤጂንግ ፋብሪካ ቢጄ 212 የተባለውን ጂፕ ሠራ። መልኩ በደርግ ዘመን አገራችን ከገባው የሶቪየት ዋዝ ጋር የአጎት ልጅ ያስመስለዋል። ማኦ በ1966 በቲያንአንመን አደባባይ ቀይ ዘቦችን የጎበኙት በዚህች ክፍት ጂፕ ቆመው ነበር። ይኸው ፋብሪካ በ1983 ከአሜሪካን ሞተርስ ጋር ውል ፈርሞ፣ በ1985 ቼሮኪ ጂፕን መገጣጠም ጀመረ። ያ ሁሉ ግን የመንግሥትና የጦር ሠራዊት ታሪክ ነው። በገበያ ውስጥ ተፎካክሮ የመስክ መኪና አምራች ለመሆን የበቃውን ለማየት ከቤጂንግ በስተደቡብ ወደምትገኘው ባኦዲንግ ከተማ መሄድ ያስፈልጋል።

ግሬት ዎል፣ በእኛው ቋንቋ ታላቁ ግንብ፣ በ1984 በባኦዲንግ የተቋቋመው እንደ ሰፈር ማኅበር ያለ የጭነት መኪና ማሻሻያ ሆኖ ነው። ዌ ጂያንጁን የተባለው ሰው በ1990 በኮንትራት ሲረከበው ገና የ26 ዓመት ወጣት ሲሆን፣ ፋብሪካው በዕዳ የተዘፈቀ ነበር። ዌ መጀመሪያ የሞከረው እንደ ማንም የቤት አውቶሞቢል መሥራት ነበር። በ1994 የወጣው የቻይና አውቶሞቢል ኢንዱስትሪ ፖሊሲ ግን ፈቃድ የሌላቸውን ትናንሽ ፋብሪካዎች ከዚህ ሥራ አገዳቸው። በሩ ሲዘጋበት ሌሎች ወዳልተሻሙበት ዞረ፤ ፒካፕ።

የመጀመሪያው ፒካፕ «ዲር» በ1996 ወጣ። የጃፓኑን ሃይሉክስ የሚመስል፣ ዋጋው ግን ዝቅ ያለ ሠራተኛ መኪና ነበር። በ1998 ግሬት ዎል በቻይና ፒካፕ ሽያጭ አንደኛ ሆነ፤ ከዚያ በኋላም ይህን ቦታ ለማንም አልለቀቀም። በእኔ ግምት የኩባንያው ዕድል የተወሰነው እዚህ ላይ ነው። ፒካፕ መሥራት ማለት ሻንሲ መሥራት፣ የኋላ ባሌስትራ መሥራት፣ ጭነትና ድንጋይ የሚችል ዲፈረንሻል መሥራት ማለት ነውና። ሊፋን ከሞተር ሳይክል ወደ ቤት መኪና፣ ከቤት መኪና ወደ ጂፕ መሰል ሲሄድ ይህን ትምህርት ቤት አልገባም።

በ2002 ግሬት ዎል በዚያው የፒካፕ ሻንሲ ላይ የተዘጋ ቦዲ አስቀምጦ «ሴፍ» አለው። ቻይናዊው መካከለኛ ገቢ ያለው ሰው ከዚያ በፊት በማይታሰብ ዋጋ ጂፕ ገዛ። ኩባንያው በ2003 መጨረሻ አክሲዮኑን በሆንግ ኮንግ ገበያ አስመዘገበ። በ2005 «ሆቨር» መጣ፤ እሱም ባለ ሻንሲ ሲሆን፣ የቤንዚን ሞተሩ የሚትሱቢሺ ነበር። በ2006 ወደ ጣሊያን ተላከ። በዚያው ዓመት «ዊንግል» የተባለው ፒካፕ ተከተለ።

ግሬት ዎል በዚህ ዘመን በኮፒ ክፉኛ ይታማ ነበር። ሴፍ ከቶዮታ፣ ሆቨር ከኢሱዙ ጋር ያላቸው መመሳሰል ዓይን ላለው ሁሉ ግልጽ ነበር። አንዲት ትንሽ የቤት መኪናው ከፓንዳ ጋር ስለተመሳሰለች ፊያት ከሶት፣ የቱሪን ፍርድ ቤት በ2008 ወደ አውሮፓ እንዳትገባ አግዷል። ከኮፒው የባሰው በ2012 መጣ። አውስትራሊያ ውስጥ ከሞተርና ከጭስ ማውጫ ማሸጊያዎች ውስጥ የተከለከለው አስቤስቶስ ተገኘና፣ የግሬት ዎልና የሌላው ቻይናዊ አምራች የቼሪ መኪኖች ከ20 ሺህ በላይ ሆነው እንዲጠሩ ተደረገ። በ2014 ደግሞ ኤች 8 የተባለው ሞዴል ከካምቢዮ አካባቢ በሚሰማ ድምፅ ምክንያት ሁለት ጊዜ ሽያጩ እንዲዘገይ ኩባንያው ራሱ ወሰነ። የመጀመሪያው አሳፋሪ ነው፤ ሁለተኛው ግን ለእኔ የመብሰል ምልክት ይመስለኛል። ከ10 ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ ድምፁን ራዲዮ ከፍተው ይሸጡት ነበር።

አሁን ገዢውን ግራ ወደሚያጋባው ነጥብ እንምጣ። በ2011 የወጣው ኤች 6 ሻንሲ የሌለው የቤተሰብ መኪና ነው። በቻይና ለዓመታት ከዚህ ዓይነት መኪኖች በሽያጭ ቀዳሚው እሱ ነበር። በ2013 «ሃቫል» ራሱን የቻለ የንግድ ምልክት ሲሆን ኤች 6 ዋና መታወቂያው ሆነ። በ2014 የወጣው ኤች 9 ግን በዚያው ሃቫል ስም የሚሸጥ፣ ባለ ሻንሲ፣ ባለ 7 መቀመጫ እውነተኛ የመስክ መኪና ነው። ኮፈኑ ላይ ያለው ጽሑፍ አንድ፣ ከሥር ያለው ብረት ሌላ። «ሃቫል ጥሩ ነው ወይ?» ተብሎ ለሚጠየቅ ጥያቄ ታዲያ «የትኛው?» ብሎ ከመመለስ በቀር ምን ይባላል?

ኩባንያውም ይህን መደበላለቅ የተረዳው ይመስላል። ታኅሣሥ 2020 ላይ «ታንክ 300» ገበያ ላይ ዋለ፤ በተከታዩ ዓመት ታንክ ለብቻው የንግድ ምልክት ተደረገ። የመሰላል ሻንሲ፣ 2.0 ሊትር ቱርቦ ቤንዚን ሞተር፣ ባለ 8 ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ፣ ከባድ ማርሽ፣ የዲፈረንሻል መቆለፊያ፣ ከመሬት 224 ሚሊ ሜትር ከፍታ፣ እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ውኃ የመሻገር አቅም፤ ከላይ የዘረዘርናቸው ነገሮች አንድም አልቀሩበትም። በ2021 ብቻ ከ80 ሺህ በላይ ታንኮች ተሸጡ። ከዚያ በኋላ ትልቁ ታንክ 500፣ ቀጥሎም ታንክ 400 እና ታንክ 700 ተከተሉ። ከፒካፕ ወደ ታንክ የፈጀው ጊዜ ወደ 25 ዓመት ነው።

ታዲያ ፎንቆ መቼ ይደርሳል? እዚህ ላይ የእኛው ሕግ ይመጣል። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። ቤንዚን የሚጠጣው ታንክ 300 በዚህ በር አያልፍም። በዓለም ገበያ ያሉት ቻይና ሠራሽ ሙሉ ኤሌክትሪክ የመስክ መኪኖች ደግሞ ጥቂቶችና ውድ ናቸው። በ2023 የወጣው የዶንግፌንግ መንግሺ 917 አራት ሞተር አለው፤ ዋጋው ግን ሲወጣ በቻይና እንኳ ከ600 ሺህ ዩዋን በላይ ነበር።

በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የምናያቸው ከፍ ያሉ የኤሌክትሪክ መኪኖች አብዛኞቹ ከኤክስ 60 ጎራ ናቸው። የኤሌክትሪክ ሞተር ከቆመበት ጀምሮ ሙሉ ጉልበቱን ስለሚሰጥ ከባድ ማርሽ ባይኖረው ያን ያህል አይጎዳም። ከፊትና ከኋላ ሞተር ያለው ሞዴል ከተገኘም በአራቱም ጎማ ይጎትታል። ችግሩ የመኪናው ውድ አካል የሆነው ባትሪ ከወለሉ ሥር፣ ድንጋይ በሚመታበት ቦታ መነጠፉ ነው። ስለዚህ ገዢው መጠየቅ ያለበት ስለ ባትሪው መጠን ብቻ ሳይሆን፣ ከሥሩ ምን ዓይነት መከላከያ ብረት እንዳለው፣ ከመሬት ስንት ሚሊ ሜትር ከፍ እንደሚልና ሞተሩ አንድ ይሁን ሁለት ጭምር ነው።

ሌላው የመንገዱ ርዝመት ነው። ከአዲስ አበባ ሆሳዕና ወደ 230 ኪሎ ሜትር ነው፤ ደርሶ መልስ 460፣ የገጠሩን መንገድ ሳይጨምር። 60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባዶ ባትሪ በተራ የቤት ሶኬት፣ በ220 ቮልትና በ10 አምፔር ቢሞላ 27 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፤ ያውም መብራት ሳይጠፋ። ቅዳሜ ለሠርግ ሄዶ እሑድ ማታ ለመመለስ ያሰበ ሰው ቀድሞ ለባለቤትየው ወይም ለባለ ሆቴሉ ደውሎ የሶኬቱን ነገር ማጣራት ይኖርበታል።