የሚለካ ዓላማ ልጁን የሚያገለግለው መቼ ነው?
ከአትላንታና ከቺካጎ ትምህርት ቤቶች የምናገኘው ትምህርት



በየዓመቱ የፕሮጀክት ዕቅድ ሲዘጋጅ «የልጆቹን ትምህርት ማሻሻል» የሚል ቃል በወረቀቱ ላይ ሳይሰፍር አይቀርም። ቃሉ መልካም ነው፤ የሚቃወመውም የለም። ነገር ግን ዓመቱ ሲያልቅ «በእርግጥ ተሻሽሏልን?» ብሎ የሚጠይቅ ቢነሣ ምን ብለን እንመልሳለን? ስንት ልጆች፣ በምን ያህል፣ እስከ መቼ የሚለው አስቀድሞ ካልተወሰነ፣ መልሳችን ከግምት አያልፍም። ዓላማ በሚለካ መልክ ይቀመጥ የሚባለውም ስለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ ቁጥር እንደ አያያዙ ነው። በደንብ የተመረጠ ቁጥር የተቸገረውን ልጅ በጊዜው ያሳየናል። ለማስፈራሪያ የተያዘ ቁጥር ግን ያንኑ ልጅ ከዓይናችን ይሰውረዋል። ይህን ለመረዳት በአሜሪካ የሁለት ታላላቅ ከተሞች የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ያለፉበትን መንገድ እንመልከት። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁሉም ልጅ፣ እስከ 2014

በአሜሪካ የአንድ ከተማ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚተዳደሩት በአንድ የትምህርት ወረዳ ሥር ነው። ወረዳው መምህራንን ይቀጥራል፣ በጀት ያከፋፍላል፣ ለትምህርት ቤቶቹም የሥራ ግብ ያወጣል። በታላላቅ ከተሞች በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ከሚማሩት መካከል እጅግ ብዙዎቹ የድሃ ቤተሰብ ልጆች ናቸው።

በ2002 መጀመሪያ ላይ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ «አንድም ልጅ ወደ ኋላ አይቅር» በሚል ስያሜ የሚታወቀውን ሕግ ፈረሙ። ሕጉ በሀገሪቱ ያሉ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ሁሉ እስከ 2014 ድረስ በንባብና በሒሳብ የተወሰነውን ደረጃ እንዲደርሱ አዘዘ። ዓላማው እንግዲህ ከመቶ መቶ ነበር። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በየዓመቱ የሚወጣው ደረጃ ተቈርጦለት፣ በተከታታይ ሳይደርስበት የቀረው ትምህርት ቤት ቅጣት ይጠብቀው ነበር።

ሕጉ አንድ ትልቅ ጥቅም እንደነበረው መካድ አይገባም። ውጤቱ በአማካይ ብቻ ሳይሆን የድሆች ልጆች፣ የጥቁሮች፣ የአካል ጉዳተኞች፣ እንዲሁም እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ልጆች ውጤት ለየብቻው እንዲገለጥ አስገደደ። ከዚህም የተነሣ አንድ ትምህርት ቤት በጎበዞቹ አማካይ ደካሞቹን መሸፈን አልቻለም። ሆኖም ግቡ የተቈረጠው ከእያንዳንዱ ትምህርት ቤት መነሻ ተነሥቶ ሳይሆን በሕግ አውጪዎች ምኞት ነበር። 2014 ደረሰ፣ ግቡ ግን አልተደረሰበትም። በ2015 መጨረሻ ላይ ሕጉ በሌላ ሕግ ተተካ።

በአትላንታ የሆነው ነገር

በጆርጂያ ግዛት በምትገኘው በአትላንታ ከተማ ወረዳው ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ዓመታዊ የፈተና ውጤት ግብ ያወጣ ነበር። ግቡን የመታ ትምህርት ቤት ሠራተኞች የገንዘብ ሽልማት ያገኛሉ፤ ያልመታው ርእሰ መምህር ግን ቦታውን እንደሚያጣ ያውቃል። ውጤቱ ከዓመት ወደ ዓመት ከፍ አለ። የወረዳዋ የበላይ ኃላፊም በ2009 የአሜሪካ የዓመቱ ምርጥ የትምህርት ወረዳ ኃላፊ ተብለው ተሸለሙ።

ነገር ግን የውጤቱ አወጣጥ ጥርጣሬን አስነሣ። የግዛቲቱ ገዥ የሰየሙት የምርመራ ቡድን የ2009ን የመልስ ወረቀቶች መረመረ። በብዙ ክፍሎች የተሳሳተው መልስ ተፍቆ በትክክለኛው የተተካበት ቁጥር በአጋጣሚ ሊሆን ከሚችለው እጅግ የበዛ ሆኖ ተገኘ። በ2011 የወጣው ሪፖርት ከተመረመሩት 56 ትምህርት ቤቶች በ44ቱ ማጭበርበር መፈጸሙንና 178 መምህራንና ርእሳነ መምህራን በነገሩ እንዳሉበት ገለጠ። ከእነዚህም 82ቱ አድራጎታቸውን አመኑ። በ2015 ፍርድ ቤት 11 ሠራተኞችን ጥፋተኛ አለ።

በዚህ ነገር ከሁሉ ይበልጥ የተጎዳው ማን ነው? ማንበብ የማይችለው ልጅ ነው። ወረቀቱ ታርሞለት «አልፏል» የተባለ ልጅ ተጨማሪ የንባብ ትምህርት አያስፈልገውም ተብሎ ይታለፋል። ለእርሱ ሊመደብ የሚገባው መምህርና ሰዓት በወረቀት ላይ በተጻፈ ሐሰት ምክንያት ይቀርበታል። ልጁን ይረዳል የተባለው ቁጥር ልጁን ከረድኤት አራቀው።

በቺካጎ የተገኘው ምልክት

ቺካጎ ከ300 ሺህ በላይ ተማሪዎች ያሉት ሰፊ የትምህርት ወረዳ ነው። በ1987 የአሜሪካ የትምህርት ሚኒስትር የነበሩት ዊልያም ቤኔት የዚህችን ከተማ ትምህርት ቤቶች ከሀገሪቱ ሁሉ የከፉ ብለዋቸው ነበር። ብዙ ወጣቶች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ያቋርጡ ነበር።

በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሚገኙ ተመራማሪዎች አንድ ቀላል ጥያቄ አነሡ፦ ልጁ ትምህርቱን እንደማይጨርስ ከማቋረጡ አስቀድሞ የሚነግረን ምን ምልክት አለ? ኢሌን አለንስወርዝና ጆን ኢስተን በ2005 ባወጡት ጥናት መልሱ በ9ኛ ክፍል እንደሚገኝ አሳዩ። 9ኛ ክፍል በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ የመጀመሪያው ዓመት ነው። በዚያ ዓመት መጨረሻ ቢያንስ 5 የዓመት ትምህርቶችን ያለፈና በዋና ዋናዎቹ ትምህርቶች፣ ማለት በእንግሊዝኛ፣ በሒሳብ፣ በሳይንስና በኅብረተሰብ ትምህርት፣ ከአንድ ሴሚስተር በላይ ያልወደቀ ተማሪ «በመንገዱ ላይ ነው» ተባለ። እንዲህ ካሉት ተማሪዎች ከመቶ 81ዱ በአራት ዓመት ትምህርታቸውን ጨረሱ። ከመንገዱ ከወጡት ግን የጨረሱት ከመቶ 22ቱ ብቻ ነበሩ።

ብዙዎችን ያስገረመ ሌላም ነገር ተገኘ። በ8ኛ ክፍል ፈተና ዝቅተኛ ውጤት የነበረው፣ ነገር ግን 9ኛ ክፍልን በመንገዱ ላይ ሆኖ የፈጸመ ልጅ፣ ከፍተኛ ውጤት ይዞ መጥቶ ከመንገዱ ከወጣው ልጅ ይልቅ ትምህርቱን የመጨረስ ዕድሉ የላቀ ነው። በ2007 የወጣው ቀጣይ ጥናትም ከትምህርት ቤት መቅረት ምን ያህል ክብደት እንዳለው አመለከተ። በሴሚስተር ከአንድ ሳምንት በታች ከቀሩት የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ከመቶ 90 የሚሆኑት ትምህርታቸውን ጨርሰዋል።

ይህ ምልክት ለመምህራን ጠቃሚ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። የልጁን ድህነት ወይም የሰፈሩን ሁኔታ መምህሩ ብቻውን ሊለውጥ አይችልም። ማክሰኞ ዕለት ከክፍል የቀረው ልጅ ወዴት እንደሄደ መጠየቅ ግን ይችላል። በሒሳብ ወደ መውደቅ የተቃረበውንም ሴሚስተሩ ሳያልቅ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ሊያስጠናው ይችላል።

ወረዳው ይህን ምልክት የሥራ ግብ አድርጎ ያዘ። ነገር ግን ግቡን አውጆ አልተቀመጠም። በዓመቱ ውስጥ በየጊዜው የልጆችን የስም ዝርዝር ለትምህርት ቤቶቹ ይሰጥ ጀመር። አንደኛው ዝርዝር ከ8ኛ ክፍል ሲመጡ ብርቱ ክትትል የሚያስፈልጋቸውን፣ ሌላው በአሁኑ ሴሚስተር ለመውደቅ የተቃረቡትን፣ ሌላው ደግሞ የወደቁበትን ትምህርት እንደገና መውሰድ የሚገባቸውን ያሳያል። የ9ኛ ክፍል መምህራን በአንድነት እየተቀመጡ በእያንዳንዱ ስም ላይ ተወያዩ። ማን ወላጆቹን ያነጋግራል? ማን ያስጠናዋል? እስከ መቼ? ብለው ሥራውን ተከፋፈሉ።

ፍሬውም ታየ። በ2007 በመንገዱ ላይ የነበሩት የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ከመቶ 57 ነበሩ፤ በ2013 ከመቶ 82 ደረሱ። ትልቁ መሻሻል የታየው ብዙ ጊዜ ተስፋ ይቈረጥባቸው በነበሩት በጥቁር ወንዶች ልጆች ላይ ነው። ለውጡን አስቀድመው በጀመሩት ትምህርት ቤቶችም ከዓመታት በኋላ ትምህርታቸውን የሚጨርሱት ተማሪዎች ቁጥር ከፍ አለ።

ቢሆንም ቺካጎም ከፈተና አልዳነችም። ትምህርት ያቋረጡ አንዳንድ ልጆች ወደ ሌላ ቦታ እንደተዛወሩ ተደርገው መመዝገባቸውን ጋዜጠኞች ደረሱበት። ከዚህም የተነሣ ወረዳው በ2015 ቀደም ሲል ያወጣቸውን የምረቃ ቁጥሮች ዝቅ አድርጎ አረመ። የ2014ቱ ከመቶ 69.4 ወደ 66.3 ወረደ። መልካም ምልክት ያለው ወረዳ እንኳ መዝገቡን የሚመረምር የውጭ ዓይን ያስፈልገዋል ማለት ነው።

ለፕሮጀክት ሠራተኞች

እኛ የምንሠራው በትልቅ ወረዳ ውስጥ ላይሆን ይችላል። ነገር ግን ግብ ስናወጣ የሚከተሉትን አምስት ጥያቄዎች ብንጠይቅ እንጠቀማለን።

1. መነሻው ታውቋልን? ዛሬ የት እንዳለን ሳንለካ የምናወጣው ግብ ምኞት ነው።

2. ምልክቱ በጊዜው ይታያልን? የዓመቱ ፈተና ውጤት ሲመጣ ዓመቱ አልፏል። በየሳምንቱ የሚታይ ምልክት ግን ለመርዳት ጊዜ ይሰጠናል።

3. የሠራተኛው እጅ ይደርስበታልን? ሊለውጠው በማይችለው ነገር የሚጠየቅ ሰው ወይ ተስፋ ይቈርጣል ወይ ቁጥሩን ያበጃል።

4. ከቁጥሩ በስተጀርባ የልጆቹ ስም አለን? ከመቶ ይህን ያህል የሚለው ለሪፖርት ይበቃል፤ ለሥራ ግን ስም ያስፈልጋል።

5. ከግቡ ጋር ምን ረድኤት ተመድቧል? ግብ ሰጥቶ ሰዓት፣ መጽሐፍና ሰው አለመስጠት ሸክም መጫን ነው።

ለምሳሌ ያህል 60 ልጆችን የሚያስነብብ ፕሮጀክት ይኑረን እንበል። «ልጆቹ ሁሉ ፈተናውን ያልፋሉ» ብለን ከመጻፍ ይልቅ በኅዳር ወር እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው እናስነብበው። አንድ አጭር ጽሑፍ አንብበው ፍሬ ነገሩን መናገር የሚችሉት 24 ሆነው ቢገኙ፣ እስከ ሰኔ 45 እናደርሳለን ብለን እንጻፍ። በወር ከ3 ቀን በላይ የቀሩትን ልጆች ቤት የሚጎበኝ ሰውም በስም እንመድብ። በሰኔ የሚያስነብባቸው ያስተማራቸው ሰው ባይሆን ይመረጣል። ግቡን ያልደረሱት የ15ቱ ልጆች ስምም ከመዝገቡ አይጠፋም፤ የሚቀጥለው ዓመት ሥራ ከእነርሱ ይጀምራል።

ለአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናት

ወንድሞችና እህቶች፣ በዚህ ጉዳይ የእናንተ ድርሻ ከምታስቡት ይበልጣል። በአትላንታ ወረቀቱን የፋቁት ሰዎች ጥፋታቸው የራሳቸው ነው። ሆኖም በዙሪያቸው የነበሩት ሁሉ ከፍ ያለ ቁጥር ብቻ መስማት ይፈልጉ ነበር። እኛም ሪፖርት ሲነበብልን ትልቁን ቁጥር ብቻ ካጨበጨብንለት፣ ዝቅ ያለውን ባየን ጊዜም እጃችንን ከሰበሰብን፣ ሠራተኞቻችንን በዚያው ፈተና ውስጥ እንጥላቸዋለን።

45 ልጆች ለማድረስ አቅዶ 38 ያደረሰ ፕሮጀክት እውነቱን ጽፎ ሲልክላችሁ፣ በመጀመሪያ ስለ እውነተኛነቱ አመስግኑት። ቀጥሎም ምን እንቅፋት እንደገጠመው፣ የቀሩት ልጆች ምን እንደሚደረግላቸው፣ እናንተስ ምን ልታግዙ እንደምትችሉ ጠይቁት። ሁሉም ነገር ከዕቅድ በላይ ተፈጸመ የሚል ሪፖርት ሲመጣላችሁም በፍቅር፣ ያለ ጥርጣሬ መንፈስ፣ እንዴት እንደተለካ ጠይቁ።

በሚቀጥለው ሪፖርት ቀን ከቁጥሩ አጠገብ «ያልደረሱት እነማን ናቸው?» የሚለው ጥያቄ እንዲነሣ እናድርግ። ያ ልጅ የሚጠብቀው ይህን ጥያቄ ነው።