አሞራ ገደል፦ ከመረቡ እስከ መጥበሻው

ሐዋሳ ሐይቅ ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ትንሽ ከሚባሉት አንዱ። ጥቁር ውኃ ይገባበታል እንጂ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። አጥማጆቹ ማታ የዘረጉትን መረብ ጎህ ሲቀድ አንሥተው ጀልባቸውን ወደ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ያዞራሉ።

እዚያ የሚበዛው ቆሮሶ ነው። አምባዛም አለ፤ «ቅርፊት የለውም» ብለው የማይነኩት ግን ብዙ ናቸው። ቢላ የያዙ ልጆች ዓሣውን ከአከርካሪው ጋር አስታከው ይሰነጥቁትና ሁለቱን ሙዳ ሥጋ አጥንት ሳያስቀሩበት ያነሡታል። ሆድ ዕቃው አባ ኮዳ ለሚባሉት ወፎች ይወረወራል። ሥጋው እዚያው በአዋዜ ይቀርባል፤ ጥሬውን።

ጣዕሙን የሚያወድሱት ሰዎች አልተሳሳቱም። ጥሬ የመብላት ችግሩ ግን የሚመጣው ከወፎች ነው። እንደ ይብራ ባሉ ዓሣ በል ወፎች ሆድ ውስጥ የሚኖር ትል አለ። እንቁላሉ ከኩሳቸው ጋር ውኃ ውስጥ ይገባል፤ የተፈለፈለውን እጭ ደቃቅ የውኃ እንስሳት ይውጡታል፤ እነሱን ደግሞ ዓሣ ይበላቸዋል። ቆሮሶ ውስጥ እጩ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ልብ አካባቢ ነው። ስለዚህ ሆድ ዕቃውን ቶሎ ማውጣት ይረዳል፤ ዋስትና ግን አይሆንም።

ሎሚ ሥጋውን ነጭ ያደርገዋል፤ የበሰለም ያስመስለዋል። ትሉን ግን አይገድለውም። ሚጥሚጣም ቢሆን የሚያቃጥለው የእኛን ምላስ ብቻ ነው። የሚገድለው እሳት ነው፤ የሥጋው መሐል ከ63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መሞቅ አለበት። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው ወፍራሙን ቦታ በሹካ ይክፈተው፦ ብርሃን የሚያሳልፈው ሥጋ ድፍን ነጭ ከሆነና በቀላሉ ከተፈረፈረ በስሏል። ሙሉውን የሚጠብሱት ጎኑን የሚተለትሉትም ዘይቱ እስከ አጥንቱ እንዲደርስ ነው። ጥሬ ካልበላሁ ለሚል ሰው ያለው አማራጭ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ 7 ቀን ማቆየት ነው፤ የቤት ፍሪጅ ብዙ ጊዜ እዚያ አይደርስም።

ሲገዙ ስንጥቡን ገልጠው ይዩ። ደም የመሰለ ቀይ ከሆነ ይውሰዱት፤ ቡናማ ከሆነ ይለፉት። ዐይኑ ያልጎደጎደ፣ በጣት ሲጫኑት ሥጋው ተመልሶ የሚሞላ ይሁን። ፀሐይ ላይ የዋለን ዓሣ ግን በቅናሽም አይግዙ፤ በረዶ በሌለበት ሙቀት ለመበላሸት ጥቂት ሰዓት ይበቃዋል።

እሳት የማይፈታው አንድ ነገር አለ። ትንንሽ ዓሦችን እየበላ የሚያድገው ባርበስ የሚባለው ዓሣ ሰውነቱ ውስጥ ሜርኩሪ ያከማቻል፤ ሲገዝፍም መጠኑ ይጨምራል። ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት ካሉ ትልቁን ባርበስ ትተው ቆሮሶ ይግዙላቸው።