ሐምሌ ላይ የሚቀዘቅዘው ባሕር

ከደብረ ማርቆስ ተነስተን ወደ ምሥራቅ ቀጥ ያለ መስመር ብንዘረጋ፣ የአፍሪካ ምድር የሚያበቃበትን የሶማሊያውን ራስ ሐፉን ሊነካ ምንም አይቀረውም። ሁለቱም ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 10 ዲግሪ ግድም ላይ ናቸው። በግንቦት እዚያ የባሕሩ ገጽ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያም በላይ ይሞቃል። ሐምሌ ሲገባ ግን በዚያው ዳርቻ ከ20 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ከ17 በታች የተለካበት ጊዜም አለ።

አሥር ዲግሪ ለአየር ቀላል ነው። አዲስ አበባ በኅዳር ወር ከንጋት እስከ ቀትር ከዚያ የሚበልጥ ልዩነት ታያለች። የውሃ ነገር ግን ሌላ ነው። የአንድ ሜትር ኩብ አየርን ሙቀት በአንድ ዲግሪ ለመለወጥ 1,200 ጁል ገደማ ይበቃል፤ ለአንድ ሜትር ኩብ የባሕር ውሃ 4 ሚሊዮን ጁል ያስፈልጋል። ከሦስት ሺህ እጥፍ በላይ መሆኑ ነው።

ስሌቱን በምናውቀው ነገር እንሞክረው። 1 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋትና 20 ሜትር ጥልቀት ያለው ባሕር 20 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። ይህን ውሃ በ8 ዲግሪ ለማቀዝቀዝ መውጣት ያለበት ሙቀት፣ የታላቁ ሕዳሴ ግድብ በሙሉ አቅሙ፣ ማለትም በ5,150 ሜጋ ዋት፣ ለ35 ሰዓት ገደማ ሳያቋርጥ ቢሠራ ከሚያመነጨው ኃይል ጋር ይስተካከላል። ይህ እንግዲህ ለአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው! ለ10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ግድቡ 40 ዓመት ያህል ቀንና ሌሊት መሥራት ይኖርበታል። የሶማሊያ ባሕር ግን ይህን በሳምንታት ውስጥ ይፈጽመዋል።

ታዲያ ያ ሁሉ ሙቀት የት ገባ? የትም አልጠፋም። ያ ውሃ ተገፍቶ ሄደ፣ ሌላ ውሃ ተተካ እንጂ ባለበት አልቀዘቀዘም። ስልባቦት የያዘ ወተት ላይ እፍ ሲሉበት ስልባቦቱ ሸሽቶ ከሥሩ ያለው ወተት ብቅ እንደሚል፣ የሞቀው የላይኛው ውሃ ከዳርቻው ሲርቅ ከ100 ሜትርና ከዚያም በላይ ጥልቀት ቀዝቃዛው ይወጣል። እኔን በጣም የሚደንቀኝ ነፋሱ ወደ ባሕሩ የማይነፍስ መሆኑ ነው። የሚነፍሰው የባሕሩን ዳር ይዞ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው። ነገር ግን ምድር ስለምትሽከረከር፣ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ በነፋስ የሚገፋ ውሃ ወደ ነፋሱ ቀኝ ያዘነብላል። በስተ ቀኝ ያለው ደግሞ ክፍቱ ውቅያኖስ ነው።

ይህ ነፋስ እ.ኤ.አ. በ1969 ባጠናው በብሪታንያዊው የሜትሮሎጂ ባለሙያ በጆን ፊንድሌተር ስም ይጠራል። ከደቡብ መጥቶ በኬንያ በኩል የምድር ወገብን ይሻገራል፤ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ በሰዓት ከ90 ኪሎ ሜትር በላይ የሚበርበት ጊዜ አለ። ወደ ምዕራብ እንዳይበተን አግደው ኃይሉን የሚያጠናክሩለት የኬንያና የኢትዮጵያ ተራሮች ናቸው። እንግዲህ በዚያ ባሕር ቅዝቃዜ ውስጥ የኛም ደጋ እጅ አለበት ማለት ነው።

ከባሕሩ ውስጥ የሚነሳው እንቅስቃሴም የዚያኑ ያህል ግዙፍ ነው። የሶማሊያ ጅረት በሰከንድ ከ3 ሜትር በላይ ይሮጣል። ከጎኑ የሚፈጠረው ታላቅ አዙሪት ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው፤ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በአየር ካለው ርቀት ይበልጣል። በኦማን ዳርቻም እንዲሁ ነው፤ መስከት ከ40 ዲግሪ በላይ ስትቃጠል ሳላላ በጉምና በካፊያ ተሸፍና ትከርማለች። እዚያ የሠሩ ወገኖቻችን ያውቁታል። በቀዝቃዛ ባሕሮች የሚታወቀው ኬልፕ የተባለው ትልቅ የባሕር አረም በዚያ በረሃማ አገር ዳርቻ ይበቅላል።

ከጥልቁ የሚወጣው ውሃ ማዕድን ስለሚያመጣ ለዓሣ ሲሳይ ነው፤ ድንገት ሲመጣ ግን ይገድላል። እ.ኤ.አ. በማርች 2021 በደቡብ አፍሪካ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ እንዲህ ያለ ቅዝቃዜ ሲከሰት፣ ሻርኮችንና ማንታ ሬይን ጨምሮ ከ81 ዝርያዎች ቢያንስ 260 እንስሳት ሞተው ተገኝተዋል።

በአሜሪካ የኒው ጀርሲ ዳርቻም በበጋቸው ወራት የደቡብ ምዕራብ ነፋስ ሲጸና ይኸው ይሆናል። እዚያ አካባቢ ያላችሁ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ባሕር ስትወርዱ የአየሩን ሙቀት ብቻ አትመኑ፤ የውሃውን ዲግሪ ጠይቃችሁ ግቡ። ከ15 ዲግሪ በታች በሆነ ውሃ ውስጥ በድንገት የገባ ሰው በመጀመሪያዋ ደቂቃ ትንፋሹን መቆጣጠር ያቅተዋል።