ቤጂንግ ስንሄድ የት እንብላ?



ባለፈው ክረምት አራት ሆነን ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ቤጂንግ ሄደን ነበር። ከመነሳታችን በፊት ስለ ቪዛ፣ ስለ ልብስና ስለ ኢንተርኔት ያልጠየቅነው ሰው አልነበረም። ስለ ምግብ ግን ማናችንም አልተጨነቅንም። «ሥጋ ካልነካን ምን ችግር አለ?» አልን። እዚህ አገር የለመድነው ይህንኑ ነው። የሙስሊም ምግብ ቤት ስናጣ ሽሮ ወይም የጾም በያይነቱ እናዝዛለን፣ በልተን እንወጣለን።

ቻይና ላይ ይህ ዘዴ አይሠራም። በሁለተኛው ቀን ማታ ከማረፊያችን አጠገብ ያለ አንድ ምግብ ቤት ገባንና ከፎቶው ላይ የተጠበሰ ፎሶሊያ መረጥን። መጣልን፤ ቢስሚላህ ብለን ጀመርን። ጥቂት እንደበላን አንዱ ጓደኛችን በፎሶሊያው መሀል ቡናማ ፍርፋሪ አየ። ነጭ ሽንኩርት ነው፣ አይደለም እየተባባልን ስልክ አውጥተን አስተናጋጇን በትርጉም ጠየቅናት። የተፈጨ የአሳማ ሥጋ ነበር። እሷ ምንም አላጠፋችም፤ ምግቡ እዚያ አገር የሚሠራው እንደዚያ ነው፣ ያልጠየቅነው እኛ ነን። ሳያውቅ የበላ ሰው ወንጀል እንደሌለበት እናውቃለን። ቢሆንም ያን ማታ ማናችንም ሌላ ነገር መቅመስ አልቻልንም፤ ቀጥለው የመጡትንም ቀናት በሙዝና በዳቦ አሳለፍናቸው።

ነገሩን ቆይተን ነው የተረዳነው። በቻይንኛ ሥጋ «ሮው» ይባላል። ምንም ሳይጨመርበት ብቻውን ከተጠራ አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ማለት ነው። የበሬው «ንዮው ሮው»፣ የበጉ «ያንግ ሮው» ተብሎ ይለያል። አሳማው እዚያ አገር የዘወትር ሥጋ ስለሆነ እንደ ማጣፈጫም ያገለግላል፤ አትክልቱ በሞራው ሊጠበስ፣ ቶፉው ላይ የተፈጨው ጣል ሊደረግበት ይችላል። ወጥ ውስጥ የሚጨመር የማብሰያ ወይንም አለ። የበሬ ወይም የዶሮ መሆኑ ብቻም አይበቃም፤ ማን አረደው የሚለው ጥያቄ አለና። ስለዚህ «አሳማ የለበትም ወይ?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ ከመጀመሪያው ሌላ ቤት መፈለግ ይሻላል።

የሚፈለገው ቃል «ቺንግጀን» ነው። ሁለት ፊደል ነው፤ ትርጉሙ «ንጹሕና እውነተኛ» እንደማለት ሲሆን የቻይና ሙስሊሞች ለሐላል የሚጠቀሙበት ስያሜ ነው። የመጀመሪያው ፊደል በግራ ጎኑ ሦስት የውሃ ጠብታ የሚመስሉ ጭረቶች አሉት። ሁለተኛው ባለ መደርደሪያ ቁም ሳጥን በሁለት እግር የቆመ ይመስላል። በዐረብኛ የተጻፈ «ሐላል» ብቻ የምትፈልጉ ከሆነ ግን ብዙ ቤት ያመልጣችኋል። በ2019 የቤጂንግ ባለሥልጣናት ምግብ ቤቶችና ሱቆች የዐረብኛ ጽሑፍና የጨረቃ ምልክት ከታፔላቸው እንዲያነሱ ማዘዛቸው ተዘግቧል። እኛም ዐረብኛው በተለጣፊ የተሸፈነበት ታፔላ አይተናል። እነዚያን ሁለት ፊደላት ማወቅ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

መፍትሔው የተገኘው ጁሙዓ ቀን ነው። በምድር ባቡር በ19ኛው መስመር ንዮውጂዬ ጣቢያ ወረድን። ስሙ «የበሬ ጎዳና» ማለት ነው። የንዮውጂዬ መስጂድ የተመሠረተው በ996 እንደሆነ ይነገራል። ጣሪያው እንደ ቻይና ቤተ መንግሥት የተቆለመመ ስለሆነ መጀመሪያ አልፈነው ልንሄድ ነበር። ከሰላት በኋላ የማንንም ምክር አልጠየቅንም፤ ነጭ ቆብ ያደረጉ ሽማግሌዎች ወደሚሄዱበት ሄድን። መንገዱ ሁሉ ቺንግጀን ነው፤ ሥጋ ቤቱ፣ ሱፐርማርኬቱ፣ በባቄላ ዱቄት የተንከባለለው ጣፋጭ ኬክ። የቤጂንግ ሙስሊሞች የሚታወቁበት ምግብ በመዳብ ድስት የሚቀርበው የበግ ሥጋ ነው። በድስቱ መሀል ከሰል የሚነድበት ጭስ ማውጫ ቆሟል። ዙሪያውን በሚፈላው ውሃ ውስጥ እንደ ወረቀት የሳሳውን ሥጋ ለጥቂት ሰከንድ ነክራችሁ በሰሊጥ ማጥቀሻ ትበላላችሁ። ለአራት ሰው አንድ ድስት ይበቃል፤ እንደኛ ሦስት ቀን በሙዝ ለቆየ ግን አይበቃም።

ንዮውጂዬ ለየዕለቱ ሩቅ ነው። የዕለት ጉርሳችን የሆነው በየሰፈሩ የሚገኘው የላንጆው የበሬ ኑድል ነው። የላንጆው ከተማ ከሰሜን ምዕራብ ቻይና ነው፤ ቤቶቹን የሚያንቀሳቅሱት ግን ብዙዎቹ ከጎረቤቷ ከቺንግሃይ ክፍለ ሀገር የመጡ ሙስሊም ቤተሰቦች ናቸው። አባት ሊጡን ይጎትታል፣ እናት በሂጃቧ ሒሳብ ትቀበላለች፣ ልጅ ጥግ ላይ የቤት ሥራ ይሠራል። ሊጡ በተሳበና በታጠፈ ቁጥር ክሩ እጥፍ ይሆናል፤ ስምንት ጊዜ ከተሳበ 256 ክር ማለት ነው። (እኛ ኢንጂነሮቹ ቆመን ቆጥረናል፤ ሰውየው ስቆብናል።) ውፍረቱን ራሳችሁ ትመርጣላችሁ፤ «ማኦሺ» ካላችሁ እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ «ዳኳን» ካላችሁ እንደ ቀበቶ የሰፋ ይመጣል። ያኔ አንዱ ሳህን 20 ዩዋን ገደማ ነበር።

ሆኖም ታፔላው ላይ «ላንጆው» ያለ ሁሉ የሙስሊም አይደለም። እኛ ስንገባ መጀመሪያ የምናየው ፍሪጁን ነበር፤ ቢራ ካለበት «አሰላሙ ዐለይኩም» ብለን ምላሹን እንጠብቃለን። ፊቱ ፈክቶ «ወዐለይኩሙ ሰላም» ያለን ሰው ብዙ ነው፤ አንዳንዱ ሻይ ጨምሮልናል። ቺንግጀን ተብለው ቢራ የሚሸጡ ትልልቅ ምግብ ቤቶችም አሉ። እዚያ መብላት አለመብላት ላይ እርስ በርሳችን አልተስማማንም፤ ሁለታችን ገባን፣ ሁለታችን ቀረን። በዚህ ዑስታዞቻችንን ጠይቁ።

የቀረው አጭር ነው። ጉግል እዚያ የተዘጋ ስለሆነ የአገሩን ካርታ አስቀድማችሁ ጫኑ፤ የሚፈለገውንም በቻይንኛ ፊደል ጻፉበት። ክፍያው በስልክ ስለሆነ አሊፔይ ወይም ዊቻት ከዚህ አዘጋጅታችሁ ሂዱ፣ ትንሽ ጥሬ ገንዘብም ያዙ። ምሳ የሚበላው ከቀኑ 5 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ነው። እንደኛ ልማድ 8 ሰዓት ላይ ስትደርሱ ብዙ ወጥ ቤቶች ዘግተው እስከ ማታ ያርፋሉ። የምትሄዱት ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ደግሞ የቺንግጀን ካፌ እንዳለ ጠይቁ፤ ብዙዎቹ አላቸው፣ ርካሽም ነው። ካፌው የሚቀበለው የግቢውን ካርድ ብቻ ሊሆን ስለሚችል ካርድ ያለው ተማሪ ፈልጋችሁ ገንዘቡን ስጡት።

ሁለቱን ፊደላትና «የአሳማ ሥጋ አልበላም» የሚለውን በቻይንኛ የጻፍንባቸው ትንንሽ ካርዶች አሉን። ጉዞ ያላችሁ ከጁሙዓ ሰላት በኋላ በጫማ መደርደሪያው በኩል ጠይቁን፣ እንሰጣችኋለን ኢንሻአላህ።