አሮጌ ሲንጀር ሲመርጡ

መብራት ሲጠፋ የእግር ሲንጀር ሥራ አይፈታም። ከመቂ እስከ ሻሸመኔ ባሉት ከተሞች፣ በባቱና በቡልቡላ መካከል ባለችው አዳሚ ቱሉም ጭምር፣ አሮጌ የልብስ ስፌት መኪና ፈላጊ የማያጣው ለዚህ ነው። እኔም ሙያውን ለሚጀምር ሰው ከርካሽ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ይልቅ በጥንቃቄ የተመረጠ አሮጌ የእግር መኪና ይሻለዋል ባይ ነኝ።

ገዢ ቀድሞ የሚያየው በመኪናው ላይ የተሳለውን ወርቃማ አበባ ነው። አበባው ግን አይሰፋም፤ ቀለምም እንደገና ይቀባል። ይልቅ በመኪናው ወለል ላይ በቀኝ በኩል የተመታውን ቁጥር ይመልከቱ። ከቁጥሩ በፊት በላቲኑ «ኢ» የሚጀምሩ ሁለት ፊደላት ካሉ፣ መኪናው የተሠራው በስኮትላንድ፣ በክላይድባንክ ፋብሪካ ነው። ያ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1885 ተከፍቶ በ1980 ተዘጋ፤ በ1913 ብቻ ከ1.3 ሚሊዮን በላይ መኪና አውጥቷል። የአካባቢው ባቡር ጣቢያ ዛሬም ሲንጀር ይባላል።

ከትውልድ አገሩ በላይ ግን የታችኛው ክር አቀማመጥ ይወስናል። በሲንጀር 27 እና 28 ክሩ የሚቀመጠው የሸማኔ መወርወሪያ በመሰለ ረጅም ዕቃ ውስጥ ነው፤ ይህ ከጠፋ መተኪያው በቀላሉ አይገኝም። ሲንጀር 15 ክብ ጥቅል ይጠቀማል። የቻይናው በተርፍላይ የዚሁ የ15 ቅጂ ስለሆነ፣ መርፌውና የክር ጥቅሉ ለሁለቱም ይሆናል። ምርጫ ካለዎት 15ን ይውሰዱ።

ቀጥሎ ቺንጋውን አውልቀው መዘውሩን በእጅዎ ወደ ራስዎ ያዙሩ። መክበዱ ብቻ አያስፈራ፤ ብዙ ጊዜ የደረቀ ዘይት ነው፣ ጥቂት ጠብታ ላምባ አድሮበት ይለቃል። የሚያስፈራው መንገጫገጭ ነው። የመርፌውን ዘንግ በጣትዎ ወደ ጎን ሲገፉት ከተወዛወዘ ብረቱ ተበልቷል። በስምጥ ሸለቆ አቧራ ከዘይት ጋር ተለውሶ መገጣጠሚያውን እየሞረደ ስለሚጨርሰው፣ ሳይሸፈንና ሳይጸዳ የኖረ መኪና ቶሎ ያረጃል። ጨርቅ የሚስበው ጥርስም ጣት ሲነካው ሊቆረቁር ይገባል፤ ከለሰለሰ ጨርቁ ይንሸራተታል። የምግብ ዘይት የተቀባ መኪና ካጋጠመዎት ዋጋውን ያስቀንሱ፤ ያ ዘይት ሲደርቅ እንደ ሙጫ ይይዛል፣ ማጽዳቱም ጊዜ ይፈጃል።

በመጨረሻ ከቤትዎ ይዘውት በሄዱት አቡጀዲና ወፍራም ካኪ ላይ ይስፉ። የላይኛውና የታችኛው ክር በጨርቁ መሃል ተያይዘው ስፌቱ በሁለቱም ፊት አንድ መምሰል አለበት። ክሩ ትንሽ ቢላላ በብሎን ይስተካከላል፤ ስፌት እየዘለለ የሚያልፍ መኪና ግን መርፌው ተቀይሮም ካልተስተካከለ ይተዉት። ሻጩ በራስዎ ጨርቅ እንዲሞክሩ ካልፈቀደ፣ መኪናው የቱንም ያህል ቢያምር አይግዙት።