ጡረታ የወጣ የእሳት አደጋ መኪና በሕግ ፊት



አንድ የእሳት አደጋ መኪና አርጅቶ ከአገልግሎት ከወጣ በኋላ በሕግ ፊት ምን ይባላል? ጥያቄው በአሜሪካ አገር የታወቀ ነው። በዚያ ያሉ ማዘጋጃ ቤቶች ያረጁ መኪናዎቻቸውን በጨረታ ስለሚሸጡ፥ ገዝቶ በጓሮው የሚያኖር ሰው ጥቂት አይደለም። እንዲያውም የእነዚህ መኪናዎች ወዳጆች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1958 ዓ.ም. የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመዋል።

በአሜሪካ የመኪና ምዝገባ የየክፍለ ግዛቱ ሥልጣን ስለ ሆነ፥ ለምሳሌ ያህል የቨርጂኒያን ሕግ እንመልከት። በዚያ ጥንታዊ ተሽከርካሪ የሚባለው፥ ከተሠራ 25 ዓመት የሞላውና ባለቤቱ ለቅርስነት ብቻ የያዘው ነው። ሕጉ ዕድሜንና ዓላማን እንጂ ክብደትን አይጠይቅምና፥ ከባዱ የእሳት አደጋ ካሚዮንም ከትንሽዋ አውቶሞቢል ጋር በአንድ መዝገብ ይገባል። የሚገርመው ግን ሌላ ነው፤ የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር 15 ዓመት ያለፈው መኪና ወደ ተጠባባቂነት እንዲዛወር፥ 25 ዓመት ያለፈውም በሌላ እንዲተካ ይመክራል። እንግዲህ ባለሙያው «ይብቃው» በሚልበት ዕድሜ ሕጉ «ቅርስ ነው» ብሎ ይቀበለዋል ማለት ነው።

የጥንታዊ መኪና ታርጋ በየዓመቱ አይታደስም። አጠቃቀሙ ግን የተወሰነ ነው፤ ይኸውም ለሰልፍ፥ ለትርኢት፥ ለማኅበር ጉዞ፥ እንዲሁም ከባለቤቱ መኖሪያ ከ250 ማይል (400 ኪሎ ሜትር ያህል) ለማያልፍ የአልፎ አልፎ ሽርሽር ነው። በየዕለቱ ወደ ሥራ መመላለሻ ሊሆን አይችልም። ለሠርግ አከራየዋለሁ የሚል ቢኖር «ለቅርስነት ብቻ» ከሚለው ቃል ይወጣል፤ ክብደቱም ከ26,000 ፓውንድ (11,800 ኪሎ ገደማ) ካለፈ የንግድ መንጃ ፈቃድ ጉዳይ ይከተለዋል።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ፥ ይህ መኪና ከዓመታዊው የደኅንነት ምርመራ ነጻ መሆኑ ነው። አሮጌ አውቶሞቢልን ነጻ ማድረግ ባያስከፋም፥ የእሳት አደጋ መኪና ግን ሌላ ፍጥረት ነው። 500 ጋሎን ውሃ ብቻውን 1,900 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ በግማሽ የተሞላ ጋን ሲሆን ደግሞ፥ በመታጠፊያ ላይ ውሃው ወደ ጎን እየተናጠ መኪናውን ይገፋዋል። በሰልፍ ቀን ሕፃናት የሚሳፈሩትም በዚሁ ላይ ነው። ስለዚህ አስተዋይ ባለቤት ጋኑን ባዶ አድርጎ፥ ፍሬኑን አስመርምሮ ይወጣል። ጎማውንም በውጭ መልኩ አይፈርደውም፤ በአገልግሎት ላይ ያለ የእሳት አደጋ መኪና ጎማ ጥርሱ ባያልቅም በ7 ዓመት እንዲለወጥ ታዟል። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በተሠሩት ጎማዎች ጎን ላይ፥ በመለያው መጨረሻ የሚነበቡት 4 አኃዞች የተሠሩበትን ሳምንትና ዓመት ያመለክታሉ።