ግብረ ገብ፣ ምስጋናና የምሳ ሰዓት

ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ይሰጥ የነበረውን የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር መጽሐፍ ገልጦ ምዕራፎቹን የቈጠረ ሰው፣ ከዴሞክራሲያዊ ሥርዓትና ከሕግ የበላይነት ተነሥቶ፣ በእኩልነት፣ በፍትሕ፣ በአገር ፍቅር፣ በኃላፊነት፣ በታታሪነት፣ በራስ በመተማመንና በቁጠባ አልፎ፣ ንቁ የኅብረተሰብ ተሳትፎና ዕውቀትን መሻት እስከሚባሉት ድረስ 11 ዕሴቶችን ያገኛል፤ ምስጋና ግን ከእነርሱ አንዱ አይደለም። ዕሴቶቹ በየዓመቱ እየተደጋገሙ ይመጡ ስለ ነበር፣ ተማሪው ትርጓሜያቸውን እንደ ዳዊት በቃሉ ይዞ፣ በዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ላይ መልሱን አጥቍሮ ይወጣ ነበር።

የግብረ ገብ ትምህርት ግን ከዚህ መጽሐፍ ይቀድማል። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ደቀ መዝሙሩ ፊደል ከመቍጠሩ ጋር ለየኔታ ውኃ መቅዳቱ፣ ለምኖ ያገኘውንም ቍራሽ ከባልንጀሮቹ ጋር መካፈሉ ራሱ ትምህርት ነበር። በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የተጀመረው ዘመናዊ ትምህርት እየተስፋፋ ሲሄድ ግን ተግባሩ ወደ መጽሐፍ ገባ፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ግብረ ገብ ተብሎ ክፍለ ጊዜ ተመደበለት፤ ደርግ በፖለቲካ ትምህርት ተካው፤ ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ሥነ ዜጋ ሆነ፤ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ እስከ 6ኛ ክፍል ግብረ ገብ ተመልሶ፣ ከ7ኛ ጀምሮ የዜግነት ትምህርት ይከተለዋል። ስሙ ይህን ያህል ሲለዋወጥ፣ ሕፃኑ እንዲያመሰግን የሚታዘዘው ሁልጊዜ ወደ ላይ ነበር፤ ንጉሡን፣ አብዮቱን፣ መንግሥትን። እኔ ይህን ውዳሴ ከንቱ እለዋለሁ።

በሌላው ዓለም፣ ስሜትን መግዛትንና ከሰው ጋር ተስማምቶ መኖርን ማስተማር የምርምር መስክ ከሆነ ቈይቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 ተመራማሪው ጆሴፍ ዱርላክና ባልደረቦቹ ከ270 ሺህ በላይ ተማሪዎች የተሳተፉባቸውን 213 እንዲህ ያሉ መርሐ ግብሮች መርምረው፣ ተማሪዎቹ በጠባይ ብቻ ሳይሆን በትምህርት ውጤትም ካልተሳተፉት በ11 የፐርሰንታይል ነጥብ መብለጣቸውን ገልጸዋል፤ በተሻለ የሠመሩትም በቅደም ተከተል የተዘጋጁና ልጁን በተግባር ያሳተፉ ነበሩ።

በእኛም አገር፣ ለምሳሌ በአዲስ አበባው አያት ሠፈር፣ ለዚህ ዓይነቱ ተግባር ቦታ አይታጣም። ሠፈሩ በሪል እስቴት ቪላዎችና በዕጣ በተከፋፈሉ ኮንዶሚኒየሞች የቆመ፣ ቀላል ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ከጦር ኃይሎች ጋር ያገናኘው፣ በ2013 ዓ.ም. በተቋቋመው በለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ የታቀፈ ነው፤ ዕጣ ያሰባሰባቸው ጎረቤታሞች ገና ሳይተዋወቁ፣ ልጆቻቸው በአንድ ዴስክ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። በመንግሥት ትምህርት ቤት የምሳ ደወል ሲሰማ፣ ልጆቹ እጃቸውን ታጥበው ይሰለፋሉ፤ መጋቢ እናቶች ሽርጣቸውን አሸርጠው፣ ከትልቁ ድስት በጭልፋ እየጨለፉ በየሳህኑ ያድላሉ። አንዲት መምህርት ከምሳ በኋላ «የዛሬውን ወጥ ማን ሠራችልን?» ብላ ብትጠይቅ፣ ስሟን የሚያውቅ ስንቱ ይሆን? ምናልባትም ከመጋቢዎቹ አንዷ እዚያው ክፍል የተቀመጠ ልጅ እናት ትሆናለች፤ እስከዚያች ቀን በኀፍረት አንገቱን ደፍቶ የበላው ልጅ፣ እናቱ በስሟ ስትመሰገን ሲሰማ የሚያገኘውን ትምህርት የትኛውም ምዕራፍ አይሰጠውም።

መጠንቀቅ የሚገባው አንድ ነገር አለ። ምግቡ ለልጁ የሚገባው እንጂ ምጽዋት አይደለምና፣ ምስጋናው የሳህኑ ዋጋ ሆኖ ከተጠየቀ ያው ውዳሴ ከንቱ ይመለሳል። ምሳ ዕቃ በሚያዝባቸው የግል ትምህርት ቤቶችም ጥያቄው አይቀርም፤ እንዲያውም ይከብዳል፤ ምሳ ዕቃውን በማለዳ ተነሥታ የሞላችው ብዙ ጊዜ የቤት ሠራተኛ ናትና፣ ልጁ ስለ እርሷ የሚናገርበት ቃል ከወላጆቹ አፍ የለመደው ነው።

የከተማዋ ትምህርት ቢሮ ምስጋናን ለማስተማር ከልቡ ከሆነ፣ የግብረ ገቡ መምህር ከልጆቹ ጋር በምሳ ሰዓት የሚቆይባቸውን ቀናት ከሳምንታዊ የማስተማር ጫናው ውስጥ ይቍጠርለት። በአንድ ክፍል ብዙ ተማሪ የያዘ መምህር፣ በዕረፍት ሰዓቱ በነጻ እንዲሠራ ታዝዞ፣ ስለ ምስጋና ያስተምር ዘንድ መጠበቅ አይቻልም።